ሳናዝዘው የሚሠራው ነርቭና የደም ግፊት

በነቀምቴ ከተማ ሠላሳ ስምንት ዓመት ልጆች ሳስተምር ኖሬ አሁን በጡረታ የምገኝ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ሕክምና ለመጻፍ የሚያደፋፍር ማዕርግም የለኝም። ነገር ግን ታላቅ ወንድሜንና እኔን፣ ምናልባትም ከሁለታችን በፊት አባታችንን፣ አንድ በሽታ በልዩ ልዩ መልክ ስለ ጐበኘን፣ ያየሁትንና ከሐኪሞች ጠይቄ፣ ከመጻሕፍትም ፈልጌ የተረዳሁትን ለአንባቢዎች ማካፈል የሚገባ መስሎ ታየኝ። ከዚህም ሌላ ለወንድሜ የተናገርሁት አንድ ቃል አለ። እርሱን ሳልገልጽ ብቀር የነገሩን ግማሽ እንደ ሰወርሁ ይቈጠርብኛል።

ወንድሜ በጊምቢ የቡና ነጋዴ ነበረ። ቁጡ ሰው ነው። ሚዛን ያጐደለበት ወይም ቀን የቀጠረበት ሰው እንደ ሆነ ድምፁ ከመጋዘኑ አልፎ በገበያው ሁሉ ይሰማል፤ ዓይኑ ይቀላል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ያንኑ የሰደበውን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ቡና ሲያጠጣው ይገኛል። እኛ ዘመዶቹም «ይህ ቁጣህ አንድ ቀን ይገድልሃል» እያልን ብዙ ዘመን መከርነው። በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ ማለዳ ጫማውን ሊያስር ጐንበስ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ወዲያውም ወደቀ። ግፊቱ በአንጐሉ ውስጥ ያለውን የደም ሥር አፈንድቶት ኖሯል። ከነቀምቴ ገሥግሼ በአልጋው አጠገብ በተቀመጥሁ ጊዜ ግራ ጐኑ እንደ ሞተ ሆኖ፣ አፉም ወደ አንድ ወገን ተጣሞ አየሁት። ያን ጊዜ ከኀዘን ብዛት ይሁን፣ ወይም ያን ሁሉ ዓመት ተመክሮ አለመስማቱ አናዶኝ፣ «አላልሁህም ነበርን? በገዛ ቁጣህ ራስህን ጐዳህ» አልሁት። አንደበቱ አልተያዘም ነበር፤ ነገር ግን ምንም ሳይመልስልኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ዐረፈ።

እኔ ግን (ራስን ማመስገን አይሁንብኝና) በከተማችን በትዕግሥት የምታወቅ ሰው ነኝ። በማስተምርበት ዘመን ሁሉ በልጅ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁበት ቀን በጣት የሚቈጠር ነው። ስለዚህ ይህ በሽታ የቁጡዎች ዕጣ እንጂ ወደ እኔ ደጅ የሚመጣ አልመሰለኝም። በእኛ አገር «ግፊት አለበት» ሲባል ስለ ሰውዬው ጠባይ እንጂ ስለ ደም ሥሩ የተነገረ አይመስልም። በኦሮምኛም ስሙ «ዺብባ ዺጋ» ነው፤ ያው የደም መግፋት ማለት ነው። አባባሉም እንደ አማርኛው ነው፤ የተናደደ፣ ሐሳብ የበዛበት፣ ሆዱ የማይችል ሰው ሕመም ሆኖ ይታሰባል።

በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ሦስት ወር ያህል ተቋርጠው እንደ ነበረ የአገሩ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ልጄ በነጆ መምህር ነበረ። ደኅና መሆኑን የምሰማው ከዚያ ከመጣ መንገደኛ አፍ ብቻ ነበረ፤ መንገደኛውም ሁልጊዜ አይገኝም። ቀን ቀን ማንም ባየኝ ጸጥ ያልሁ ነኝ፤ ጐረቤቶቼንም የማጽናና እኔ ነበርሁ። ሌሊት ግን ጆሮዬን ለበሩ ሰጥቼ አድራለሁ። ውሻ በጮኸ ቊጥር ልቤ ሲመታ በትራሱ ላይ ይሰማኛል። በየካቲት ወር ማጅራቴን ሲከብደኝ ጊዜ ወደ አንድ የሕክምና ቤት ሄድሁ።

ነርሷ ወጣት ልጅ ነበረች። «አባባ፣ ጀርባዎን ወደ ወንበሩ ያስደግፉ፤ እግርዎን አያጣምሩ፤ እስክጨርስ ድረስ አይናገሩ» አለችና ጨርቁን በክንዴ ላይ ጠቀለለችው። ቊጥሩን ባየች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። 182 በ110 ነበረ። ወዲያው ሐኪሙን ጠራችው። ሲገባ ያስተማርሁት ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ «መምህር!» ብሎ ሁለት እጄን ያዘ። አምስት ደቂቃ ጸጥ ብዬ እንድቀመጥ አደረገና እንደ ገና ለካኝ፤ 168 በ104 ሆነ። በሌላም ቀን ተመልሼ እንድመጣ አዘዘኝ። በዚያም ቀን 164 በ102 ስለ ተገኘ ነገሩ ተረጋገጠ።

በሁለቱ ልኬቶች መካከል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 14 ነጥብ መውረዱ ገርሞኝ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። መሣሪያው ደኅና ነው አለኝ። ሚላናዊው ሐኪም ጁሴፔ ማንቻና ባልደረቦቹ በ1983 (የውጭ አገር ሊቃውንትን በምጠቅስበት ቦታ ሁሉ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ) የሕመምተኞችን ግፊት ያለ ማቋረጥ በሚመዘግብ መሣሪያ ሲከታተሉ፣ ሐኪም ወደ አልጋው በቀረበ ጊዜ ላይኛው ቊጥር በአማካይ 27 ያህል ከፍ እንደሚል አገኙ። ሕመምተኛው አልተቈጣም፤ አልሮጠም፤ አልጋው ላይ ተኝቷል። ነገር ግን በውስጡ ያለው አንድ ነገር ሐኪሙን እንደ እንግዳ ቈጥሮ ተነሣበት። በዚህ ምክንያት በሕክምና ቤት ብቻ ግፊታቸው ከፍ የሚል፣ በቤታቸው ግን ደኅና የሆኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መድኃኒት መስጠት የማይገባውም ስለዚህ ነው።

«እኔ እኮ የማልቈጣ ሰው ነኝ፤ አንተም ታውቀኛለህ» አልሁት።

«መምህር፣ የማይቈጡት በአፍዎ ነው» አለኝ እየሳቀ። «የደም ሥርዎን ግን እርስዎ አያዝዙትም።»

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አብዛኛውን ከእርሱ ሰማሁ፤ የጐደለውን ከመጻሕፍት ሞላሁት።

ሰው እጄን ላንሣ ሲል ያነሣል፤ ልናገር ሲልም ይናገራል። ይህ በፈቃድ የሚሠራው ነርቭ ነው። ነገር ግን ልቡን ምታ፣ ጨጓራውን ፍጭ፣ ላቡን ውጣ፣ የዓይኑን ብሌን ጥበብ ብሎ የሚያዝዝ ማንም የለም። ሁሉም ግን በየጊዜው፣ ተኝተንም ሳለን፣ ይሠራል። እንግሊዛዊው ጆን ላንግሊ በ1898 ይህን የነርቭ ወገን ከግሪክ ቃል አውጥቶ «አውቶኖሚክ» ብሎ ሰየመው፤ በገዛ ሕጉ የሚተዳደር ማለት ነው። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሲምፓቴቲክ ይባላል፤ ከጀርባ አጥንት ውስጥ ካለው ሰረሰር እየወጣ ወደ ልብ፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ደም ሥሮችም ሁሉ ይዘረጋል። ትርጓሜው «አብሮ መታመም» ነው፤ የጥንት ሐኪሞች አንዱ ብልት ሲታመም ሌላው አብሮ የሚሰማው በዚህ ነርቭ ይመስላቸው ነበርና። ሁለተኛው ፓራሲምፓቴቲክ ነው፤ ከእርሱም ትልቁ ቫገስ የሚባለው ከራስ ቅል ወርዶ በአንገት፣ በደረትና በሆድ የሚዘዋወረው ነርቭ ነው። ቫገስ በላቲን ዘዋሪ ማለት ነው። የመጀመሪያው ልብን ያፈጥናል፣ ሥሮችን ያጠብባል፤ ሁለተኛው ልብን ያዘገያል። በጠቅላላው አንዱ ለሩጫና ለጠብ፣ ሌላው ለዕረፍትና ለመብል ተሰናድቷል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህ እንዴት ታወቀ ለሚል ሰው፣ ክሎድ ቤርናር የተባለው ፈረንሳዊ በ1851 በጥንቸል አንገት ያለውን የሲምፓቴቲክ ነርቭ በአንድ ወገን ቈረጠው። በዚያ ወገን ያለው ጆሮ ወዲያው ቀላ፤ ሞቀም። በሚቀጥለው ዓመት ነርቩን በኤሌክትሪክ ሲነኩት ያው ጆሮ ገረጣ። እንግዲህ የደም ሥር ዝም ብሎ የተዘረጋ ቧንቧ አይደለም፤ በነርቭ ተይዞ የሚጠብብና የሚሰፋ ነው። ይልቁንም ደስ ያሰኘኝ የኦቶ ሌዊ ነገር ነው። ይህ ሰው በፋሲካ ሰሞን አንድ ሌሊት በሕልሙ የሙከራ ሐሳብ መጣለትና ነቅቶ በቊራጭ ወረቀት ጻፈው። በማለዳ ግን የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ አቃተው። በማግሥቱ ሌሊት ያው ሕልም ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ሳይተኛ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። የአንዱን እንቊራሪት ልብ በቫገስ ነርቭ አዘገየው፤ ልቡ የነበረበትን ውኃ ቀድቶ በሌላ እንቊራሪት ልብ ላይ ቢያፈስሰው፣ ነርቭ ያልነካው ያ ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ነርቭ ትእዛዙን የሚያደርሰው ቅመም በማፍሰስ መሆኑ በዚህ ተገለጠ። ውጤቱን በ1921 አሳተመ፤ በ1936ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የሲምፓቴቲክ ነርቭ በደም ሥር ላይ የሚያፈስሰው ቅመም ኖራድሬናሊን መሆኑን ደግሞ ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር በ1946 አስታወቀ።

ስለ ግፊቱም ጥቂት ልበል። ግፊት ማለት ደም የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። እንግሊዛዊው ቄስ እስጢፋኖስ ሄልስ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንዲት ባዝራ ፈረስ የእግር ሥር ቧንቧ አግብቶ ቀጥ ባለ የመስተዋት ቱቦ ቢያገናኘው ደሙ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ እንደ ወጣ ይናገራል። ሥር ሳይቈርጡ በክንድ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ መለካት የተቻለው ጣልያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 ባወጣው መሣሪያ ነው፤ ድምፁን በጆሮ እያደመጡ ሁለቱንም ቊጥር ማግኘት ያሳየው ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ ነው፤ በ1905። የላይኛው ቊጥር ልብ ሲጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ሲያርፍ ያለው ነው፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ባዜቃ ነው። በሕክምና ቤት በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግፊት አለበት ይባላል።

አሁን ወደ ነርቩ ልመለስ። የደም ሥር ውስጡ በግማሽ ቢጠብብ ደም እንዳያልፍ የሚከለክለው ኃይል እጥፍ የሚሆን ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ጥቃቅኖቹን ሥሮች በጥቂቱ ቢያጠብብ ግፊቱ ብዙ ይወጣል። ሁለተኛም ልብን ያፈጥናል፣ ያበረታልም። ሦስተኛውና ሰዎች የማያስቡት በኩላሊት የሚሠራው ነው። ኩላሊትን ጨው እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ሬኒን የሚባለውንም ንጥረ ነገር እንዲያፈስስ ያዝዘዋል፤ ይህም ተከታትሎ ሥሮችን የሚያጠብብ፣ ጨውንና ውኃን በአካል የሚያስቀር ሌላ ሥራ ያስነሣል። የልብ ፍጥነት በደቂቃ ይበርዳል፤ ኩላሊት ያስቀረው ጨው ግን ቀናት ይቈያል።

ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ዘበኛም አለ። ከመንጋጋ ሥር፣ የአንገት ትልቁ የደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ እንዲሁም ከልብ በሚወጣው በታላቁ ሥር ቅስት ላይ፣ የሥሩን መለጠጥ የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች ተተክለዋል። ግፊት ሲወጣ ወደ አንጐል ግንድ ይናገራሉ፤ ከዚያም ሲምፓቴቲክ እንዲቀንስ፣ ቫገስ እንዲበረታ ትእዛዝ ይወጣል። ተኝቶ የነበረ ሰው ብድግ ሲል ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ የማይወድቀው ይህ ዘበኛ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስለሚሠራ ነው። እኔም መድኃኒት በጀመርሁበት ሰሞን ከአልጋዬ በፍጥነት ስነሣ ዓይኔ እየጨለመ ግድግዳ የያዝሁበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ ወዲህ በአልጋው ጠርዝ ጥቂት ተቀምጬ መነሣትን ለመድሁ።

ይህ ዘበኛ ካለ ታዲያ ግፊት ለምን ከፍ ብሎ ይኖራል? ለሐኪሙ ያቀረብሁት ጥያቄ ይህ ነበረ። መልሱ አሳዘነኝ። ግፊቱ ለቀናት ከፍ ብሎ የቈየ እንደ ሆነ ዘበኛው ያንን ከፍታ እንደ ልክ ይቈጥረዋል። በወፍጮ ቤት አጠገብ የሚያድር ሰው ጩኸቱን ለምዶ እንደሚተኛና ወፍጮው ሲቆም እንደሚነቃ፣ እርሱም ከፍ ያለውን ግፊት ለምዶ፣ ዝቅ ሲል ይደነግጣል። ስለዚህ ድንገተኛውን ይመልሳል እንጂ የከረመውን አይመልስም። ሰውዬውም ምንም አይሰማውም። የማጅራቴ ክብደት እንኳ ከግፊቱ ይልቅ ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ።

በደኅና ሰው ግፊቱ ሌሊት ከመቶ ከአሥር እስከ ሃያ ዝቅ ይላል፤ ሲምፓቴቲኩ ስለሚያርፍ ነው። እንቅልፍ የሌለው ወይም በፍርሃት የሚያድር ሰው ይህን ዕረፍት ያጣል። የ2012ን ሌሊቶች ባሰብሁ ቊጥር ይህ ነገር ይታወሰኛል። በከተማችንና በዙሪያዋ ስንት ሰው ጆሮውን ለበሩ ሰጥቶ አድሮ ይሆን! ነገር ግን ሕመሜን ሁሉ በእነዚያ ሌሊቶች ላይ ልጭነው ብል ሐኪሙ አልፈቀደልኝም። በ1960ዎቹ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ሃግባርትና ቫልቦ የተባሉ ሰዎች ቀጭን መርፌ በነርቭ ውስጥ ተክለው የሰውን የነርቭ ንግግር ማድመጥ ጀመሩ (ነቀምቴ ከስዊድን ሚሲዮን ጋር ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተዋወቀች ከተማ ስለ ሆነች የዚያን አገር ስም ሳነብ ደስ ይለኛል)። በዚህ መንገድ ኋላ እንደ ታየው፣ ግፊት ካለባቸው ሰዎች በብዙዎቹ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝቶ ይሠራል፤ ሲወፍሩና በእንቅልፍ ትንፋሽ ሲቋረጥባቸው ደግሞ ይብሳል። ሰውዬው ግን በዚያ ሰዓት በጸጥታ ተጋድሞ ነው። አንድ የቁጣ ሰዓት ግፊትን ያወጣል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ይወርዳል። ዓመታት የሚኖረው ግፊት ግን ከዘር የሚወረስ ድርሻ አለው፤ የጨው፣ የኩላሊት፣ የዕድሜ፣ የክብደት፣ የአልኮል ድርሻም አለው፤ የነርቩም አለመርገብ ከነዚህ ጋር ተጠላልፎ ይሠራል። ከጠባይ ጋር ያለው ዝምድና እኛ ለወንድሜ ስንነግረው እንደ ነበረው ቀጥተኛ አይደለም።

ስለ ጨው ካነሣሁ የአገሬን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በወለጋ ቡናን በጨው መጠጣት የቈየ ልማድ ነው፤ ቅቤም ይጨመርበታል። የቡናውን ፍሬ በቅቤ ቀቅሎ በጨው የሚበላው ቡና ቀላም በክብር ቀን የሚቀርብ ነው። በድሮ ዘመን ጨው ከአፋር ምድር በአሞሌ እየተቈረጠ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ እንደ ገንዘብም እየተቈጠረ ይመጣ ነበረና ሰው በቊንጥር ነበር የሚጠቀምበት። ዛሬ በኪሎ ይገዛል፤ እጃችን ግን አላፈረም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ በእኔ ቤት ሲኒውና ወጡ ሲደመር ስንት እጥፍ እንደ ነበረ ለመናገር አፍራለሁ። ቡናውን ግን መውቀስ አይገባም፤ ላልለመደው ሰው ለጥቂት ሰዓት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የለመደውን ሰው ግን ብዙም አይነካውም። ጫት ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የነርቭን ቅመም አስገድዶ የሚያስፈስስ ስለ ሆነ ልብንም ግፊትንም ያስነሣል።

መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ በሽታ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1937 ዓ.ም. የካቲት 6 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግብፅ አገር በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው ነበር። ሩዝቬልት ያን ጊዜ በጽኑ ታመዋል፤ ሐኪማቸው ብሩን ከአንድ ዓመት በፊት ግፊታቸውን አውቆታል። የሚሰጣቸው ግን ዕረፍት፣ ጨው የቀነሰ ምግብ፣ ለልብም ዲጂታሊስ ብቻ ነበረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 4 ቀን ራሴን አመመኝ ብለው ወደቁ፤ የተለካው ግፊት 300 በ190 ነበረ። የታላቅ መንግሥት መሪ የነበሩት ሰው በወንድሜ ሞት ሞቱ።

በዚያ ዘመን በቦስተን ስሚዝዊክ የተባለው ሐኪምና ሌሎችም የሲምፓቴቲክን ነርቭ በቢላዋ እየቈረጡ የብዙ ሰዎችን ግፊት አውርደዋል፤ ነገር ግን የተቈረጠላቸው ሰዎች ቀጥ ብለው ሲቆሙ ራሳቸውን ይስቱ ነበረ። ኋላ መድኃኒቶች መጡ፤ ዛሬም ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ሜቲልዶፓ፣ ጄምስ ብላክ በ1964 ያስታወቀው ፕሮፕራኖሎልም ከነርቩ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። አሁን በብዛት የሚታዘዙት ግን በሥሩ፣ በኩላሊቱና በሬኒን መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ነርቭ በሙቀት የሚያደክም ቀጭን መሣሪያም ወጥቷል፤ በ2014 የታተመ ትልቅ ሙከራ ከሐሰተኛው ሥራ የማይበልጥ መሆኑን ካሳየ በኋላ ተሻሽሎ በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

አንባቢዎቼ ካህናት ስለ ሆኑ የሚከተለውን አልተወውም። ሳናዝዘው ከሚሠራው ሁሉ እኛም ልናዝዘው የምንችለው አንድ ትንፋሽ ነው። ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለው ጣልያናዊ ከጓደኞቹ ጋር በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ 23 ጤነኞች በላቲን የእመቤታችንን ሰላምታ በቊጥር ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት እንደሚወርድና ያ የአንገት ዘበኛ ይበልጥ ንቁ እንደሚሆን አገኘ። ዘገምተኛ ትንፋሽ ግፊት ባለባቸውም ሰዎች ጥቂት እንደሚያወርድ ሌሎች አሳይተዋል። ጥቂት ማለቴን ግን ልብ ይሏል! በዚህ ተማምኖ ክኒን የሚተው ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ፤ እኔ ራሴ ትቼ ነበርና። አምሎዲፒን በጀመርሁ በአራተኛው ወር ምንም ስላልተሰማኝ ድኛለሁ ብዬ አቆምሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ወደ 176 ተመለሰ።

በ2013 ዓ.ም. ወደ ጊምቢ ለመሄድ በቻልሁ ጊዜ የወንድሜ ሚስት የሕክምና ካርዱን ከሣጥን አውጥታ አሳየችኝ። የመጀመሪያው ልኬት የተጻፈው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ 160 በ100 ይላል። ያን ጊዜ ገና ወጣት፣ ንግዱ የተቃናለት፣ ሠርጉም ያላረጀ ነበረ። መድኃኒቱን ሲወስድና ሲያቋርጥ ኖሯል፤ እኛ ግን ስለ ቁጣው እንጂ ስለ ክኒኑ አንድ ቀን አልጠየቅነውም። አባታችንም ታወሰኝ። በ1969 ዓ.ም. በቡና ለቀማ ላይ ሳለ በ51 ዓመቱ ድንገት ወደቀና ሳይናገር ሞተ። ምች መታው ተባለ። ደሙን የለካ ስለ ሌለ በርግጥ መናገር አይቻልም፤ ነገር ግን በአገሩ ሁሉ ዝምተኛና ታጋሽ የሚባል ሰው ነበረ፤ የእኔም ጠባይ ከእርሱ የመጣ ነው።

በወንድሜ አልጋ አጠገብ የተናገርሁትን ቃል ያን ቀን ለሚስቱ ተናዘዝሁላት። «ምናልባት ያን ጊዜ አልሰማኝ ይሆናል» አልኋት።

«ሰምቶሃል» አለችኝ። «አንተ ከሄድህ በኋላ፣ ወንድሜ እውነቱን ነው፣ በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው አለኝ። እስኪሞት ድረስ እንዲህ ይል ነበረ።»

ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም። ካርዱን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት እንደ ተገኘባቸው፣ የሚበዙትም ቀድሞ እንዳላወቁ ሐኪሙ ነግሮኝ ነበረና፣ ልጆቿን አስጠራኋቸው። መለኪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ትንሹ ልጅ 124 በ78፣ ሴቲቱ ልጅ 118 በ76 ሆኑ። ታላቁ 34 ዓመቱ ነው፤ ሲናገር እንኳ ድምፁ በችግር የሚሰማ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ነው። አምስት ደቂቃ አስቀምጬ ለካሁት፤ 154 በ98። እንደ ገና ብለካው 152 በ98 ሆነ።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ አልቈጣም» አለኝ።

ሰኞ ማለዳ ወደ ሐኪም ቤት አብሬው ሄድሁ።